ጋሽ ጉድጓድ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መጀመሪያ ያየችው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ መሬት ውስጥ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቷ ነው። በአባቷ ቤት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን አስቀምጣ የመንደሩን ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተቀደደውን ትጥፋለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ሲመጣላት ደግሞ ምግብ ትረሳለች። አባቷ ከወንዝ ውሃ ማስቀዳት ቢሰለቸው ከወዲያኛው መንደር ጉድጓድ ቆፋሪ አስጠራ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እርጥብ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ አንድ ጭንቅላት፣ ሁለት ትከሻና ጭቃ የለበሰ ፈገግታ ከመሬት በቅሎ አገኘች።

«እንደምን አደርሽ?» አለ ጭንቅላቱ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ደንግጣ። «አንተስ ደህና ነህ?»

«እስከ ወገቤ ድረስ ደህና ነኝ። ከዚያ በታች ያለው ሥራ ላይ ስለሆነ አልጠየቅኩትም።»

ሳቋ አመለጣት። ከሳቋ ጋር የያዘችው አንሶላም አመለጣትና ጭቃው ላይ አረፈ፤ እንደገና ማጠብ ግድ ሆነባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ልብስ ማጠብ በዛ። እናቷ «ይቺ ልጅ ንጹሑንም ታጥበዋለች እንዴ?» እስክትል ድረስ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ዘጠኝ ሜትር ወርዶ ቋጥኝ ላይ ቆመ። ሁለተኛው አሥራ አንድ ሜትር ወርዶ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ቀረ። ሦስተኛው ሲጀመር አባቷ ከዘራውን ተደግፎ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመና ወደ ታች ጮኸ።

«ስማ አንተ ልጅ! እኔ ቤት የምትፈልገው ውሃ ነው ወይስ ልጄን?»

የድጅኖው ድምፅ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ በረንዳው ላይ የመኪናዋን ፔዳል አቆመች።

«እውነቱን ልንገርዎት አባባ?» አለ ከታች፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲወጣ የሦስት ሰው ይመስል ነበር። «ውሃው ትንሽ ቢዘገይ አይከፋኝም።»

ደግነቱ አባቷ ቀልድ የሚገባው ሰው ነው። «እንግዲያው ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። መጀመሪያ ውሃዬን አውጣ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለና ሄደ። ሦስተኛው በተጀመረ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ አሥራ አራት ሜትር ላይ፣ ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። ዓመት ሳይሞላ ከኮረብታው ሥር ባለችው ትንሽ ቤተክርስቲያን ተጋቡና በእሱ መንደር ጎጆ ወጡ። የሙሽራ ቀሚሷን ራሷ ሰፋችው፤ የሱንም ሱሪ ራሷ አሳጠረችው፤ የተበደረው ከረጅም ሰው ነበርና።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ሁለቱን ደረቅ ቦታ ሆን ብለህ ነው የመረጥከው?» ብላ ስንቴ እንደጠየቀችው አይቆጠርም። እሱ ግን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይስቃል እንጂ ትንፍሽ አላለም።

የመንደሩ ሰው ጋሽ ጉድጓድ ይለዋል። ሙያው ቀላል ይመስላል፤ ሦስት ግንድ አናታቸው ላይ ታስረው ይቆማሉ፣ ከመሃላቸው መዘውር ይንጠለጠላል፣ በመዘውሩ ገመድ ያልፋል፣ ገመዱ ጫፍ ላይ ባልዲ አለ። ላይ ሆነው ገመዱን የሚይዙት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ አንዱ እንደ ግንዱ ረጅም፣ ሌላው እንደ ባልዲው ድንቡሽቡሽ ያለ። ጋሽ ጉድጓድ ከመውረዱ በፊት ባርኔጣውን አውልቆ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጸሎት ነበር የሚጸልየው፦ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ወደ ታች ነኝ፤ አንተ ላይ ነህ። ገመዱን አደራ። እነዚህ ሁለቱ ወሬ ይወዳሉ።» ወንድማማቾቹም «አሜን» ይላሉ፤ ጸሎቱ በነሱ ላይ መሆኑን እያወቁ።

ሰው ሲያላግጥበት «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውምና» ይለዋል። እሱም «እኔ ነኛ የምገባበት! ሌላ ማን ይገባል? ለዚህ ነው የሚመቸውን አድርጌ የምምሰው» ብሎ ይመልሳል።

መዝሙር ይወዳል፤ መዝሙር ግን እሱን አይወደውም። ጉድጓድ ውስጥ ሲዘምር ድምፁ ከታች ተጠራቅሞ ሲወጣ መንገደኛ ያስቆማል። እሑድ ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲዘምር ደግሞ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ቄሱ አንድ ቀን ጎተት አድርገው «ልጄ፣ እግዚአብሔር ልብን ያያል። በልብህ ብትዘምር ምን ይመስልሃል?» አሉት።

«አባ፣ ልቤም ያው ዜማው አንድ ነው» አላቸው።

ሁለት ልጆች ወለዱ፤ መጀመሪያ ሴት፣ ከሷ አራት ዓመት ቆይቶ ወንድ። ጋሽ ጉድጓድ ማንበብ አይችልም ነበር። ሴቷ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ እሱም ማታ ማታ ከራት በፊት አጠገቧ እየተቀመጠ ፊደል ያዘ። ትንሿ አስተማሪ ምሕረት የላትም። አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ከሥራዋ ቀና ስትል ባሏ፣ ያ ግንድ የሚያክል ሰው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥግ ላይ ቆሞ አየችው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ተቀጥቼ ነው» አላት በሹክሹክታ። «ዝም በይ፤ ከሰማችኝ ትጨምርብኛለች።»

ማንበብ ሲችል መጀመሪያ የያዘው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ጣቱን ከቃል ቃል እያሻገረ፣ ከጥልቅ ስለ መጮህ የሚናገረው መዝሙር ላይ ሲደርስ ብድግ አለና ወደ ሚስቱ ሮጠ። «ይሄን የጻፈው ሰው ጉድጓድ ገብቶ ያውቃል!» አለ። «ሙያ ካልሆነ እንዲህ አይጻፍም!»

እንዲህ እየሆነ ሲኖር ነው የባለወፍጮው ነገር የመጣው።

ባለወፍጮው ጎረቤታቸው ነው፤ ቅንድቡ፣ ጆሮው ላይ ያለው ፀጉር፣ የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ቁጡ ሰው። ጋሽ ጉድጓድ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈረለት። ውሃው ወጣ፤ ብዙም ነበር። ባለወፍጮው በጣሳ ቀድቶ ጎንጨት አለና ፊቱ ተጨማደደ።

«ጨው ጨው ይላል።»

ጋሽ ጉድጓድ ቀመሰ። እውነትም ጨው ጨው ይላል። ነገር ግን ለአሥራ ስድስት ቀን ቋጥኝ ሲወቅጥ የከረመ ሰው እውነት ሁልጊዜ አይዋጥለትም። «ምላስህ ነው» አለው።

«ምላሴ? ሰው ውሃ ያወጣል፣ አንተ ባህር አወጣህልኝ፣ ጥፋቱ የምላሴ ሆነ?»

በዚያው ተኮራረፉ። ሰው ውሃ ቀጠነ ብሎ ይጣላል ይባላል፤ እነሱ ውሃ ጨው በዛበት ብለው ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ ቤተክርስቲያን ውስጥ የሚቀመጡት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መሆኑ ነው። ሁለቱም ያንን ወንበር ከአባቶቻቸው ስለወረሱት አንዱም አይለቅም። ልብስ ሰፊዋና የባለወፍጮው ሚስት መሃል ገብተው እንደ ግድግዳ ይቀመጣሉ፤ በግድግዳው በኩል ሁለቱ ሴቶች እንደ ልባቸው ያወራሉ። ቄሱ በየዓመቱ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ይሰብካሉ። ስብከቱ ሲያልቅ ጋሽ ጉድጓድ ለሚስቱ «አባ ዛሬ ጥሩ አድርገው ነገሩት» ይላታል። ባለወፍጮውም ለሚስቱ ይህንኑ ይላል።

በሰባተኛው ዓመት ለመንደሩ ትምህርት ቤት ጉድጓድ ይቆፈር ተባለ። መሬቱ አሸዋ ስለሆነ ጋሽ ጉድጓድ ግድግዳውን በሳንቃ እየደገፈ ነበር የሚወርደው። ከሥር የሚመነጨውን ውሃ የሚስቡበት ረጅም የብረት ቱቦም ከላይ እስከ ታች ቆሞ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ አንድ ሜትር ላይ እንዳለ፣ የአንዱ ጎን አሸዋ ተናደ። ገመዱ ላላ። ወንድማማቾቹ ሲስቡት ባዶ ባልዲ እንኳ አልመጣም።

ልብስ ሰፊዋ ወሬው ሲደርሳት የሰው እጅጌ እየተከለች ነበር። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ አንድ እጅጌ በእጇ እንደያዘች ሮጠች። ስትደርስ መንደሩ በሙሉ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነበር። ረጅሙ ወንድም ያለቅሳል፤ ድንቡሼው በአካፋ ይዝቃል። ከሰዉ መሃል ደግሞ አንድ በዱቄት የነጣ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ ጆሮውን ከብረቱ ቱቦ ጫፍ ላይ ለጥፏል።

ባለወፍጮው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰው የተፈጨ እህሉን እየጠበቀ ትቶት፣ ከወፍጮ ቤቱ አጣናና ሳንቃ በጋሪ ጭኖ ከማንም በፊት የደረሰ እሱ ነበር። አፉን ቱቦው ላይ አደረገና ጮኸ።

«አንተ ግትር! አለህ?»

ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። በቱቦው በኩል ሳል ተሰማ፤ ከሳሉ በኋላ ድምፅ።

«ማነው?»

«ማን ይመስልሃል? ባህር ያወጣህለት ሰው ነኛ!»



«ተኮራርፈን አልነበረም እንዴ?»

«አሁንም እንደተኮራረፍን ነን! ግን እንዳታንቀላፋ። ያልጨረስነው ነገር አለ።»

ሳንቃዎቹ ከራሱ በላይ ተደጋግፈው ትንሽ ክፍተት ሠርተውለት ነበር። አንድ እግሩ ተይዟል፤ አየር የሚያገኘው በቱቦው በኩል ነው። ሌላው አሸዋ እንዳይናድ ቀስ ብሎ፣ በባልዲ በባልዲ ነው የሚወጣው፤ ይህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ከትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች አንዷ «እንዳይተኛ ብቻ አድርጉ፤ አነጋግሩት» አለች። ባለወፍጮው ይህን ሥራ ለሌላ አልሰጠም። የሰባት ዓመት ነገር አጠራቅሞ ነበርና በዚያ ቱቦ በኩል አንድ በአንድ አወረደው።

«ውሃው ጨዋማ ነው ወይስ አይደለም?»

«ጨዋማ ነው።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ምላስህ ነው ስትለኝ ነበራ!»

«ያኔ ጥርጣሬ ነበረኝ። አሁን ግን ምላስህ መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም።»

አሸዋ የሚዝቁት ሰዎች አካፋቸውን ተደግፈው ሳቁ። ቄሱ በጸሎታቸው መሃል ሳሉ ሳቃቸውን ለመዋጥ በጢማቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ባለወፍጮው ግን አልሳቀም። ፊቱን ከቱቦው አላነሳም። ስለ ወንበሩ ተከራከሩ፣ አጥር ዘሎ ስለገባ ዶሮ ተከራከሩ፣ በልጅነታቸው ወንዝ ሲዋኙ ማን ቀድሞ እንደተሻገረ ተከራከሩ። ከቀትር በኋላ የታችኛው ድምፅ እየደከመ መጣ። መልሱ ይዘገይ ጀመር።

ባለወፍጮው ቀና ብሎ ልብስ ሰፊዋን ፈለጋት። «ነይ፤ አንቺ አነጋግሪው።»

ተንበረከከች። አፏን ቱቦው ላይ አድርጋ «አንተ ሰውዬ» አለች፤ ከዚያ በላይ ቃል አልወጣት አለ። 

«አታልቅሺበት!» አላት ባለወፍጮው በጆሮዋ። «ተቆጪው! ወንድ ልጅ ሚስቱ ስትቆጣው አይተኛም።»

እሷም ዓይኗን ጠርጋ ጮኸች። «ጭቃ ጫማህን ምንጣፌ ላይ ረግጠህበት ነው የወጣኸው! ማን ሊጠርግልህ ነው? እኔ አልጠርግም! መጥተህ ትጠርጋታለህ!»

ከታች ለረጅም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ከዚያ፦

«እሺ እመቤቴ። ትንሽ ሥራ ይዞኝ ነው እንጂ አሁኑኑ እመጣ ነበር።»

ፀሐይ ወደ ኮረብታው ስታዘነብል አወጡት። እግሩ ተሰብሯል፣ ትከሻው ወልቋል፣ ፊቱ ከአሸዋ አይለይም። ጎትተው ሳሩ ላይ ሲያጋድሙት ዓይኑን ገለጠና አጠገቡ የተንበረከከውን ባለወፍጮ አየ። የባለወፍጮው ፊት ላይ ዱቄቱና እንባው ተቀላቅለው ሊጥ ሆነዋል።

«ስለ ውሃው…» ብሎ ጀመረ ጋሽ ጉድጓድ።

«ዝም በል» አለው ባለወፍጮው። «ጨርሰናል።» ከዚያ ደግሞ «ወንዙን ግን የተሻገርኩት እኔ ነኝ ቀድሜ» አለ።

እግሩ እስኪጠገን አራት ወር ተኛ። በመጀመሪያው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ እጁን ያዘችና «አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። ሳትጨርሰው «አልወርድም» አላት። «አንቺ ብቻ ያንን ቁጣሽን አትድገሚብኝ።»

ቃሉን ጠበቀ። ገመድ ይይዙ የነበሩት ወንድማማቾች ቆፋሪዎች ሆኑ፤ እሱ ቦታ መራጭና አማካሪ ሆኖ ከላይ ቀረ። መጀመሪያ የመረጠላቸው ቦታ የባለወፍጮው ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በስተምሥራቅ ጣፋጭ ውሃ ወጣ። ጨዋማው ጉድጓድም ከንቱ አልቀረም፤ ከብት ሁሉ እሱን እየመረጠ ስለመጣ ባለወፍጮው የመንደሩ ከብቶች ወዳጅ ሆነ።

ሥራ ለለመደ እጅ ግን እረፍት ቅጣት ነው። ጋሽ ጉድጓድ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ፣ የሚስቱን ጨርቅ ሲያነሳ ሲጥል፣ ከደንበኛ ጋር ሲያወራ፣ ልብስ ሰፊዋ ምርር ብሏት መርፌ አስጨበጠችው። በመጀመሪያው ቀን ስድስት መርፌ ሰበረ። በሁለተኛው ቀን የሸሚዝ ኪስ ከራሱ ሱሪ ጋር ሰፍቶ አብሮት ተነሣ። ወር ሲሞላ ግን ቁልፍ መትከልና የቁልፍ ቀዳዳ መክፈት ተዋጣለት። እነዚያ ድጅኖ የጨበጡ ወፋፍራም ጣቶች እንዲያ ያለ ጥቃቅን ስፌት ይወጣቸዋል ብሎ ማን ያምናል! «ሥራህን ቀየርክ አሉ?» የሚለው ሰው ሲመጣ ሸሚዙን ወደ ብርሃን ያነሳና «ምን ቀየርኩ? ድሮም ቀዳዳ ነበር ሥራዬ። ትንሽ አነሰ እንጂ» ይላል።

እንዲህ ሃያ ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። ልጆቻቸው አደጉ፤ ሴቷ ነርስ ሆና ከተማ ገባች፣ ወንዱ አናጢ ሆኖ ከሁለት ቤት በታች ጎጆ ወጣ። ባለወፍጮው ከሰዓት በኋላ እየመጣ ዳማ ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ።

ሰባ ሦስት ዓመት ሲሆነው ደረጃ መውጣት አቃተው፤ እግሩ አበጠ። ልጁ ወደምትሠራበት ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ ልቡ እንደደከመ፣ መድኃኒት ትንሽ ጊዜ እንጂ ብዙ እንደማይጨምርለት ረጋ ብሎ ነገረው።

«አይፈረድበትም» አለ ጋሽ ጉድጓድ። «ልቤ ከኔ በላይ ሠርቷል። እኔ ወደ ጉድጓድ ስወርድ እሱ ወደ ላይ ይዘል ነበር።»

ልጁ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጎተት አድርጎ ወደ ራሱ መለሳት። «አንቺ አስተማሪዬ፣ ቀና በይ። የምሄድበትን አውቀዋለሁ፤ የሚጠብቀኝንም አውቀዋለሁ። ይልቅ ረሃብ ሞረሞረኝ፤ ዳቦ ግዢልኝ።»

ቤት እንደገባ ሚስቱን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት።

«ኮት ስፊልኝ» አላት።

«የምን ኮት?»

«የምቀበርበት።»

«በስመ አብ! አፍህን ዝጋ!»

«ስሚኝ እስቲ። ለአፈር ብቻ ተብሎ አዲስ ኮት ቢሰፋ ብክነት ነው። አሁን ስፊልኝና ቤተክርስቲያን እየለበስኩት ልሂድ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስትሰፊ ቁልፍ ተከልኩልሽ፤ እኔ ግን አንድ ጥሩ ኮት የለኝም።»

ይህ እውነት ነበር። የልብስ ሰፊ ባል ሁልጊዜ የሚለብሰው ከሌላ ሰው ልብስ የተረፈውን ነው። እሷም ብድግ ብላ ሜትሯን አወረደች። ደረቱን ስትለካ ሜትሩ የድሮው ቁጥር ላይ አልደረሰም፤ አራት ጣት ጎደለ። ትከሻውን ለካች፤ እሱም ወርዷል። ስፒሎቹን በከንፈሯ ስለያዘች መናገር አላስፈለጋትም፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰገነች።

«አጠበብሽው አደል?» አላት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ትንሽ ሰፋ አድርጊው። የባለወፍጮው ሚስት የምታመጣልኝን ሾርባ አስቢ።»

ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰፋችለት፤ ገበሩ የሐር፣ ኪሱ አራት። ቁልፉን ራሱ ተከለ፣ ቀዳዳዎቹንም ራሱ ከፈተ። እሑድ ሲለብሰው ቤተክርስቲያኑ ሁሉ ዞር ዞር አለ። ባለወፍጮው ከወንበሩ ጫፍ ሆኖ ጨርቁን በጣቱ ዳሰሰ።

«የምን በዓል ነው?»

«የመቀበሪያዬ ነው።»

 ሰኞ ጠዋት ባለወፍጮው ከልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። «እኔም ያንኑ እፈልጋለሁ» አላት። «እሱ አምሮበት እኔ እንደ ጆንያ ልቀበር? ኪሱ ግን አምስት ይሁን።»

ጋሽ ጉድጓድ ኮቱን ስምንት ወር ለበሰው። እሑድ ለበሰው፣ የልጅ ልጁ ክርስትና ሲነሳ ለበሰው፣ ኋላ ኋላ ዳማ ሲጫወትም ለበሰው። ሾርባ ፈሰሰበት። ልብስ ሰፊዋ በእርጥብ ጨርቅ እየፈተገች «በዚህ ነው ጌታ ፊት የምትቀርበው?» ስትለው «ከዚህ የባሰ ጭቃ ለብሼ ሲያየኝ ኖሯል» ይላታል።

በዚያው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሦስቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ የቀሚስ ጠርዝ ትቀመቅማለች፤ ባለወፍጮው የዳማውን ጠጠር ይደረድራል። ጋሽ ጉድጓድ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ መቶ ጊዜ ያወራውን ታሪክ ያወራል። አንዲት ጆሯቸው የደከመ አሮጊት በመንገድ ሲያልፉ ከመሬት ውስጥ መዝሙር ሰምተው «ሙታን ተነሱ!» እያሉ ወደ ቄሱ ይሮጣሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ይመጡና ወደ ጉድጓዱ አጎንብሰው «አንተ ማነህ? ወደ ላይ እየመጣህ ነው?» ብለው ይጮኻሉ።

«እኔ ምን አልኳቸው መሰላችሁ…» አለ ጋሽ ጉድጓድ። ዝም አለ።

እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ዝም ይላል። ሰው እስኪቁነጠነጥ ያቆየዋል፤ ሳቁ የሚደምቀው ያኔ ነው ይላል። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ ፈገግ ብላ ጠበቀች። ባለወፍጮው ጠበቀ። ዝምታው ረዘመ። ባለወፍጮው ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትምና ራሱ ጨረሰው፦

«‹የለም አባ፣ ገና እየወረድኩ ነው!›» ብሎ ጭኑን መትቶ ሳቀ።

ልብስ ሰፊዋም ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ሳቃቸውን አቆሙ። ጋሽ ጉድጓድ የታሪኩን መጨረሻ የነጠቀውን ሰው ዝም ብሎ አልፎ አያውቅም። አሁን ግን አልተቆጣም። ራሱ ወደ ትከሻው ዘንበል ብሏል፣ ዓይኑ ተከድኗል፣ በአፉ ዳር ሊስቅ ሲል የሚመጣው መስመር እንዳለ ነው።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ተነሥታ እጁን ያዘችው። ትኩስ ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለችው ቀስ ብላ። ባለወፍጮው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገና እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም፤ ያኔ አልመጣላትም። አጠገቡ ተቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያሻሸች ወንድ ልጇን የሚጠራላት ሰው እስኪመጣ ቆየች። ደህና ሰው ደህና አድርጎ ሄደ ብላ አሰበች።

በማግስቱ መቃብሩን የቆፈሩት ወንድማማቾቹ ነበሩ። ሌላ ሰው እንዳይነካው ብለው ከጠዋት ጀምሮ ተጠምደው፣ ግድግዳው እንደ ተለካ ቀጥ ብሎ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ብሎ፣ ወረዱ። ልብስ ሰፊዋና ሕዝቡ ሲደርሱ ቄሱ ከአፋፉ ቆመው ወደ ታች እያዩ ነበር። ከወንድማማቾቹ የረጅሙ አናት እንኳ አይታይም።

«ልጆቼ» አሉ ቄሱ፤ እሳቸውም በጣም አርጅተዋል። «ልንቀብረው ነው እንጂ ውሃ ልናወጣበት አይደለም። በቃችሁ፤ ውጡ።»

አንድ ሰው ፍርፍር አለ፤ ሌላው ተከተለ። ልብስ ሰፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ልጇ እያለቀሰች መስሏት አቀፈቻት። ቀና ስትል ግን እናቷ እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ያኔ፣ ከሳቁ ጋር ተደባልቆ፣ መጣ። ባለወፍጮው አምስት ኪስ ያለውን ኮቱን ለብሶ፣ በየኪሱ መሐረብ ይዞ፣ ሁሉንም አረጠባቸው። ያን ቀን መዝሙሩን ሰዉ ሁሉ በሙሉ ድምፁ ዘመረ፤ ዜማው የጠፋበትም ያልጠፋበትም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጇ ከከተማ መጣች። «እማዬ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? ከኔ ጋር ነይ፤ ክፍልሽን አዘጋጅቻለሁ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛዋ አየች። ከቀብሩ በፊት የጀመረችው ቀሚስ አለ፤ ያላለቀ ሱሪ አለ፤ በር ላይ ደግሞ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ቆማለች። እናቲቱ ቀሚሱ መሬት ይንካ ትላለች፤ ሙሽራዋ ልጨፍርበት ስለሆነ ይጠር ትላለች። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ ብሏል።

«ኋላ እናወራለን፤ አሁን ሥራ አለኝ» አለቻት ልጇን። ሜትሯን ከምስማሩ ላይ አወረደች፣ ስፒሎቹን አነሣችና ወደ ሙሽራዋ ዞረች። «ነይ ልጄ፤ ግቢና ቀጥ ብለሽ ቁሚ። እናትሽ ትቀመጥ፤ ዳቦ አለ፣ ሻይ አለ። ርዝመቱን ቀስ ብለን እንስማማበታለን።»